ነፍሳት በል ወፍ ኩሷ ለምን ሐምራዊ ይሆናል?

ኅዳር ላይ ነው። ሐረር ከሸዋ በር ወጣ ብሎ አንድ ባጃጅ ነጂ ጎህ ሲቀድ መስታወቱን እያሻሸ አገኘሁት። ባጃጁን ያሳደረው አጥር ጥግ ነበር። ሸራውም መስታወቱም ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። «አቦ፣ ይቺ ወፍ ቀለም ነው እንዴ የምትጠጣው?» አለኝ።

ቀና ብዬ አጥሩን አየሁ። የወፍ ቆሎ ነው። ከቅጠሉ መሃል አንዲት ግራጫ ወፍ ብቅ አለች። ከድንቢጥ አትበልጥም። አናቷ ላይ ቡናማ ቆብ የደፋች ትመስላለች። አንድ የበሰለ ፍሬ ለቀመች፣ ዋጠች፣ ጠፋች።

ወፏን አውቃታለሁ። ወንዱ ቆቡ ጥቁር ስለሆነ በብዙ ቋንቋ «ጥቁር ቆብ» ይሏታል፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራት። ከአውሮፓ የምትመጣ እንግዳ ናት። ግራ የሚያጋባው ግን መጽሐፍ ላይ የሚጻፍላት ሙያ ነው፦ ነፍሳት በል። ታዲያ ነፍሳት በል ከሆነች ፍሬው ላይ ምን ትሠራለች?

ቆይ፣ የማን ክረምት?

ወደ ምግቡ ከመግባታችን በፊት አንድ የትርጉም ነገር እናጥራ። በየማኅበራዊ ገጹ «ወፎች በክረምት ምግብ ያጣሉ፣ እንርዳቸው» የሚል ጽሑፍ ይዞራል። ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ ነው። የፈረንጆቹ ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት» ተብሎ ይተረጎምና አንባቢው ሐምሌና ነሐሴን ያስባል።

የኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ትንኝ ነው። ለነፍሳት በል ወፍ ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም። ድሬዳዋ በነሐሴ ማታ መብራት አብርቶ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የእሳት እራቱ፣ ክንፍ ያወጣው ምስጡ፣ ቢምቢው፣ ሁሉም ቤትህ ነው።

የፈረንጆቹ ቅዝቃዜ ከኛ ጋር ሲገጣጠም የሚያርፈው መፀው መጨረሻና በጋ ላይ ነው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25። (መፀውንና ፀደይን የሚያቀያይር ሰው ሞልቷል። ክርክሩ ውስጥ አልገባም።) ስለዚህ እዚያ በረዶ ነፍሳቱን ሲገድልና ሲደብቅ፣ እዚህ ደግሞ ድርቀት ያሳሳቸዋል። ወፏን የሚያስርባት ነገር ይለያያል እንጂ ወሩ ያው ነው። ከዚህ በታች የፈረንጆቹን ቅዝቃዜ ሳነሳ ታኅሣሥ፣ ጥርንና የካቲትን ማለቴ ነው።

ነፍሳት በል ማለት ምን ማለት ነው?

ምንቃሯን ማየት ይበቃል። የእህል በል ወፍ ምንቃር አጭርና ወፍራም ነው፣ ፒንሳ ይመስላል። ገለባ ይሰብራል። የነፍሳት በሏ ግን ቀጭንና ሹል ነው፣ ልክ እንደ ወረንጦ። ከቅጠል ጀርባ ክሽክሽ ለመልቀም፣ ከቅርፊት ስንጥቅ የሸረሪት እንቁላል ለማውጣት፣ ለስላሳ ትል ለመያዝ የተሠራ ነው። ጥሬ ማሽላ ብትሰጣት እንዴት አድርጋ ትሰብረዋለች?

ግን ስሙ የሚናገረው ምን ለመብላት እንደተመቻቸች ነው። ዓመቱን ሙሉ ምን እንደምትበላ አይነግረንም። ሰውን «ጤፍ በላተኛ» ብንለው ሌላ ነገር አይቀምስም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ትንንሽ ነፍሳት በል ወፎች ጫጩት በሚያሳድጉበት ጊዜ ወደ ነፍሳት ያደላሉ። ያ ጊዜ ሲያልፍ ገበታው ይቀየራል።

ፈረንጅ አገር ቅዝቃዜው ሲመጣስ?

ያኔ ወፏ ያላት ምርጫ ሦስት ነው፦ ተደብቆ የቀረውን መፈለግ፣ ምግብ መቀየር፣ አገር መልቀቅ።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። አናቷ ላይ ቢጫ መስመር ያላት፣ ከአውሮፓ ወፎች እጅግ ትንሿ የሆነች አንዲት ወፍ አለች። ክብደቷ ከ5 እስከ 6 ግራም ነው፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። በብርዱ ወቅት ከጥድ ቅርንጫፍ ሥር የተሸሸጉ ጥቃቅን ነፍሳትን፣ እንቁላልና ሸረሪትን ስትለቅም ትውላለች። ማረፍ የለም። አካሏ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣል። ብርጭቆ ሻይ ከጀበና ሙሉ ቡና ቀድሞ እንደሚበርደው ማለት ነው። የሰሜኑ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ 16 ሰዓት ይደርሳል። ያንን ሁሉ ሰዓት ሳትበላ ሙቀቷን 40 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ አለባት። ረመዳንን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፦ የሷ ፆም ሌሊት ነው፣ ሱሁሯን የምትበላው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያ የመጨረሻ ጉርሻ ካልበቃ አትነጋላትም።

ምግብ በመቀየር በኩል የሚገርመኝ በሸምበቆ ውስጥ የምትኖር አንዲት የአውሮፓና የእስያ ወፍ ናት። ወንዱ ጢም የመሰለ ጥቁር ምልክት አለው። በሙቀቱ ወራት ነፍሳት ትበላለች። ሲቀዘቅዝ የሸምበቆ ዘር ትበላለች። ዘሩን የምትፈጨው እንዴት ነው? ጨጓራዋ ራሱ ይለወጣል! ጡንቻው ይወፍራል፤ ወፏም ጠጠር እየዋጠች እንደ ወፍጮ ትጠቀምበታለች። ሲሞቅ ተመልሶ ይሳሳል።

የኛዋ ጥቁር ቆብ ደግሞ ፍሬ ላይ ትወጣለች። ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ገና አውሮፓ ሳለች፣ የጫካ እንጆሪ፣ በለስና ሌላም ለስላሳ ፍሬ ትለቅማለች። በሜዲትራኒያን ዳርቻ የምትከርመዋ የወይራ ፍሬ ትበላለች።

ከነዚህ መሃል ከ1960ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) መንገዳቸውን ያዞሩ አሉ። ወደ ደቡብ መሄዱን ትተው ብሪታኒያ መክረም ያዙ። እዚያ ሰዎች በየግቢያቸው ለወፍ ስብና ዘር ይሰቅላሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፒተር በርቶልድና ባልደረቦቹ በ1992 (ይህም በፈረንጆቹ) ባወጡት ጥናት፣ አዲሱ የጉዞ አቅጣጫ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አሳዩ። የጓሮ ምግብ የወፍ ካርታ ቀየረ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ፍሬ ምን ይሠራላታል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ፍሬ ስኳር ነው፣ አንዳንዱም ቅባት አለው። ሰውነቷ ስኳሩን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስቡ የመንገድ ነዳጅ ነው።

ለምን ስብ? አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድ ግራም ስኳር 4 ብቻ ነው። ስኳር በሰውነት ውስጥ ሲከማች ውሃም ይዞ ስለሚቀመጥ ይከብዳል። የምትበር ፍጡር ደግሞ እያንዳንዷ ግራም ታሳስባታለች።

ከድሬ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌርን አስቡ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው በረሃ። ታንኩን ሳይሞላ አይነሳም። ጥቁር ቆብም በረሃ ከመሻገሯ በፊት እንደዚያው ታደርጋለች። በተለመደው ጊዜ 18 ግራም አካባቢ ናት። ለጉዞ ስትዘጋጅ ግን ክብደቷ እጥፍ ወደ መሆን ሊጠጋ ይችላል። ወፎችን ይዘው ቀለበት የሚያስሩ ባለሙያዎች ደረቷ ላይ ያለውን ላባ እፍ ብለው ይገልጡና ስቡን በዓይናቸው ያያሉ። ከስስ ቆዳዋ ሥር ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ፍሬ ሌላም ጥቅም አለው። አይሮጥም። ትንኝ ለማሳደድ ጉልበት ያስፈልጋል። ፍሬ ግን ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጦ ጠዋቱን ሙሉ መብላት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ፍሬ ብቻ አትበላም?

ፈጢራ በማር ቁርስ ነው፣ ጣፋጭም ነው። ግን ሦስት ወር ሙሉ ፈጢራ በማር ብቻ ብላ ቢባል ማን ይችላል? ጉልበት ይሰጣል፤ ሰውነት አይገነባም። ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ፍሬ ውስጥ ፕሮቲን ትንሽ ነው፣ ነፍሳት ውስጥ ብዙ። ስለዚህ በፍሬ ወቅትም ቢሆን ወፏ መሃል መሃሉን ትልና ሸረሪት ታክልበታለች።

ላባ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ላባ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ፕሮቲን። ከጥቁር ቆብ የምታንስ፣ 10 ግራም እንኳ የማትሞላ አረንጓዴ ቢጫ ወፍ አለች። በአኻያ ዛፍ ስም ነው የምትጠራው። ከአውሮፓ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ ትራባለች። ከሳይቤሪያ የሚነሱት ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ይቺ ወፍ ላባዋን ሙሉ በሙሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች። አንዱን ቅያሬ የምታደርገው አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ልክ በኛ በጋ። በዚያ ሰዓት ፍሬ አያዋጣትም። ነፍሳት የግድ ናቸው። ለዚህ ነው እሷን ሲበዛ ግራር ላይ የምታገኟት፣ የወፍ ቆሎ ላይ ሳይሆን።

ሐረርና ድሬ ስትደርስስ ምን ይጠብቃታል?

እንግዶቹ መስከረምና ጥቅምት ላይ መግባት ይጀምራሉ። ጊዜውን ያውቁበታል። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ነፍሳቱ አልጠፉም። ከዚያ እየደረቀ ይሄዳል። ጥር ላይ የድሬን ደቻቱ ያየ ሰው ያውቃል፤ ወንዝ የምንለው አሸዋ ነው።

ግን እዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። ቀኑ አያጥርም። ሐረር በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ የ11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አላት። የሰሜኗ ወፍ በ8 ሰዓት ብርሃን የምትሠራውን እዚህ ተረጋግታ ትሠራዋለች። ሌሊቱም ቢሆን ሐረር ይቀዘቅዛል እንጂ አይገድልም፤ ከተማው 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ስለ ብርድ ባናወራ ይሻላል።

ምግቡስ? መጀመሪያ የምጠራው ዛፍ ገርቢ ነው። በኦሮምኛ እንዲህ የሚባለው ግራር በሐረርጌ ገበሬዎች ማሳ መሃል ቆሞ ይታያል። ጠባዩ ግልብጥ ነው። በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ገበሬው የሚወደው ለዚህ ነው፦ በዝናብ ጊዜ ማሽላውን ጥላ አያጠላበትም፣ ከብቶቹም በደረቁ ወቅት ፍሬውን ያገኛሉ። ለነፍሳት በል ወፍ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የተከፈተ ምግብ ቤት ነው። ቅጠል ባለበት ክሽክሽና ትል አለ። አበባ ባለበት ትንኝና ንብ አለ። በየካቲት አንድ ለምለም ገርቢ ሥር አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ላይ ቅጠሉ ያለ ንፋስ ሲነቃነቅ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ሾላና ዋርካ ነው። የሾላ ዘመዶች ጊዜ አይጠብቁም፤ አንዱ ዛፍ ባያፈራ ሌላው አፍርቷል። በዚያ ላይ ፍሬው ውስጥ ጥቃቅን ተርቦች ይራባሉ። ሾላ ገምሶ ያየ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ወፏ አንድ ሾላ ስትነክስ ማሩንም ሥጋውንም በአንድ ጉርሻ ታገኛለች። (እኛም አብረን እንበላቸዋለን፣ ባናወራው ነው።)

ሐረር ዙሪያ ወይራ ባለበት ፍሬው ትንሽና መራራ ነው። ለኛ አይሆንም፣ ለጥቁር ቆብ ግን ጉሮሮዋን የሚያክል ነው። የሜዲትራኒያኗ እህቷ የምትበላው ወይራ ከኛው ጋር ዘመድ ነው፤ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፍ ናቸው። አገር ብትቀይርም ገበታው ላይ የምታውቀው አለ ማለት ነው።

አበባም አለ። ቺፍቻፍ የምትባል፣ ስሟን ከድምጿ ያገኘች ሌላ ትንሽ እንግዳ በኢትዮጵያ ደጋ ትከርማለች። ነፍሳት በል ናት። ግን የአበባ ወለላ ስትልስ ትያዛለች። ማስረጃው ግንባሯ ላይ ነው፤ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተለጥፎባት ትታያለች። ስኒውን ልሳ አፏን ያልጠረገች ሕፃን ትመስላለች።

ቆላውን ስንወርድ፣ ወደ ሶማሌና አፋር በኩል፣ የጥርስ መፋቂያ የሚቆረጥበት ቁጥቋጦ አለ። ሶማሌዎች መፋቂያውን ዓዳይ ይሉታል። ትንንሽ፣ ሥጋ ያላቸው ፍሬዎች ያፈራል። በምዕራብ አፍሪካ የሰሃራ ደቡብ ጠርዝ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የጥቁር ቆብ ዘመድ የሆነች ሌላ ወፍ ወደ አውሮፓ ለመመለስ ሰሃራን ከመሻገሯ በፊት በዚህ ፍሬ ትወፍራለች። መስከረም ላይ በእንጆሪ እንደተዘጋጀች፣ መጋቢት ላይ በመፋቂያ ዛፍ ፍሬ ትዘጋጃለች።

ጫቱስ? የሚያጠጡት ስላለ በበጋም አረንጓዴ ነው፣ ነፍሳትም አያጣም። ችግሩ መድኃኒት ነው። ፀረ ተባይ በተረጨበት ማሳ ላይ የሚቀር ትል ጥቂት ነው፤ የቀረውም የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ወፏ ደግሞ ቅጠሉን አጥባ አትበላ።

ይህ ሁሉ በምን ታወቀ?

በኩሷ። ባጃጅ ነጂው የሚያሻሸው ነገር ለተመራማሪ ወርቅ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥንዚዛ ክንፍ ስባሪ፣ የጉንዳን ጭንቅላት፣ የፍሬ ልጣጭና ዘር ይለያል። ለስላሳ ትል ግን ተፈጭቶ ስለሚጠፋ ድሮ አይቆጠርም ነበር። አሁን ኩሱ ውስጥ የቀረውን ዲኤንኤ አንብበው የትሉን ዓይነት ሳይቀር ያውቃሉ። ላባም ይናገራል። ላባ ሲበቅል ወፏ የበላችውና የጠጣችው ነገር ኬሚካላዊ ምልክት ይተውበታል፤ ከዚያ የት አካባቢ እንደበቀለ መገመት ይቻላል።

ሩዝ ብንበትንላትስ?

ለድንቢጥና ለርግብ ይሆናል። ለሷ አይሆንም፣ በወረንጦ ሩዝ አይፈጭም። ግቢው እንድትመጣ የሚፈልግ ሰው ጥልቀት በሌለው ሳሕን ውሃ ያስቀምጥ፣ በየጊዜው ይቀይረው። ድመት የማይደርስበት ቦታ ላይ ይሁን እንጂ! ዛፍ ካለው ደግሞ ትል ታየ ብሎ ወዲያው መድኃኒት አይርጭበት።

የወፍ ቆሎውስ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው?

ስሙ ላይ እንዳለው ለወፍ ቆሎ ነው። ለከብት ግን መርዝ ነው። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፣ ቆዳው ፀሐይ ሲነካው ይቆስላል። ሰውም ቢሆን ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ መቅመስ የለበትም፤ ለልጆች ንገሩ። ተክሉ የመጣው ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ነው። ላበባው ብለው አጥር አደረጉት። ከአጥር አምልጦ ሐረርጌና ሶማሌ ክልል ውስጥ የግጦሽ መሬት ይዟል።

ያዘመተውም ወፍ ነው። ፍሬውን ትውጣለች፣ ሥጋውን ትፈጫለች፣ ዘሩን ከነሕይወቱ ሌላ ቦታ ትጥላለች። እንግዶቹ ብቻ አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ ፍሬ በል ወፎች ከነሱ የበለጠ ይበትኑታል። የባጃጁ መስታወት ላይ ከነበረው ሐምራዊ መሃል ጠቆር ያለች ጠንካራ ፍሬ በጥፍሬ አንስቼ ለነጂው አሳየሁት። ያቺ ዘር ናት።

አጥሩ ሥር ጎንበስ ብለን ስናይ ጣት የሚያክሉ ሦስት ችግኞች ቆመዋል። አንዱን ቅጠል አሸሁት፣ የሚሰነፍጠው ሽታው መጣ። ነጂው ሦስቱንም ነቅሎ ጣላቸው።

«እና መቼ ነው ወደ አገሯ የምትሄደው?»

«መጋቢት አካባቢ።»

ጣቱን አጥፎ ወሮቹን ቆጠረ። «አቦ፣ ከሷ ባጃጄን ማንሳት ይቀለኛል» ብሎ ሞተሩን አስነሳና ከአጥሩ ፈቀቅ አደረገው።